ዓምና ያልተበላው እሸት

እማየ፣

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ቀን ሆነን። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር አፌ ይያዛል፤ እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደግሞ ደብዳቤው ገና ከአናቱ ውሸት ይሆናል። ሞጣ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ ነው የምውለው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከቁጥሩና ከቀኑ በታች «ጉዳዩ» የምትል መስመር አለችው፤ የተጻፈበት ምክንያት እዚያች ላይ በአጭሩ ይቀመጣል። ያንቺንም እንደለመደብኝ ልጀምረው። ጉዳዩ፦ ይቅርታ። በቀብርሽ ዕለት እትየ አንጓችን በሰው ፊት አዋርጃቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ ሳልላቸው እሳቸውም ባለፈው ሐምሌ አንቺ ወዳለሽበት መጡ። ነግረውሽ እንደሆነ አላውቅም፤ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ከኔ አፍ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ወረቀት የያዝኩት።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፤ አንቺ ሁልጊዜም ከቁም ነገሩ በፊት የከብቱንና የጣራውን ነበር የምትጠይቂው። ቤትሽ ተዘግቶ ከረመ። በምሥራቅ በኩል ነፋስ አንዱን ቆርቆሮ ገልብጦት፣ ዝናቡ የምትተኚበትን መደብ በልቶ ከመሬት እኩል አድርጎታል። የጓሮው ጌሾ ደርቋል። ውሻሽ አንድ ወር ያህል ደጃፍሽ ላይ ተጋድሞ ቆየና ወደ እትየ አንጓች ቤት ገባ፤ እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። የብቸና ገበያ አንድ ሳምንት ይቆማል፣ አንድ ሳምንት ይበተናል። ከሞጣ በግንደወይንና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደናንተ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲሉሽ ነገ ተዘጋ ይሉሻል፤ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ቀርቷል። ስልኩም እንደዚያው ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመዘግየቴ ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ሰበብ መሆኑንም ሳትነግሪኝ አውቀዋለሁ።

የአተሯ ቁራሽ መሬት ግን ጦም አላደረችም። ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለችው፣ አባየ ከሞተ ጀምሮ አንቺ መሬቱን፣ እትየ አንጓች ደግሞ በሬዎቻቸውንና ልጃቸውን ደሴን ይዛችሁ በእኩል የምታሳርሷት። ዘንድሮም አተር ነው ያለባት።

እሸት መምረጥ አንቺ ዘንድ ቀልድ አልነበረም። ጠሉ ሳይረግፍ ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ትወስጂኛለሽ፤ ፀሐይ ከመታችው በኋላ የተቀጠፈች እሸት ጣዕሟን ለፀሐይ ሰጥታ ነው የምትመጣ ትያለሽ። እኔ ሆዷ የተነፋውን ሁሉ ስቀጥፍ እጄን መታ ታደርጊኛለሽ። ቆዳዋ የምታብረቀርቅ፣ በአውራ ጣትሽ ስትጫኛት ትንሽ እሺ የምትል፣ ጫፏን ስትሰብሪያት ቀጭ የምትል ትቀጠፋለች። ጆሮሽ ስር ስትነቀንቂያት ፍሬዋ ከተንኳኳ የዘር ናትና ትደርቅ፣ ተያት። ፈልቅቀሽ ስታያት ፍሬዎቿ ተራርቀው ከተቀመጡ ገና ልጅ ናት፤ ተጣብበው ጎን ለጎን ከተደፈጠጡ ደግሞ አርጅታለች። በመሃል ያለችውን ነው የምትፈልጊው፤ እሷ ደግሞ ቢበዛ አራት ቀን ናት የምትቆይ። እንዲህ እያልሽ ከቀጠፍኩት ግማሹን ለበጎቹ ትጥይብኝ ነበር። መንገደኛ ማሳችን ውስጥ ገብቶ ሲቀጥፍ ስታይ ግን ምርጫ የለም፤ ያገኘውን ይብላ ትያለሽ። እሸት ለመንገደኛ አይከለከልም ብለሽ እንደ ሕግ ነው የነገርሽኝ።

አቀቃቀሉንም አልረሳሁትም። ከነቅርፊቱ ነው፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ነው የሚጨመረው፤ ክዳን አይነካውም፣ ከተከደነ ይጠቁራል። ጨው መጨረሻ ላይ። አንዴ ገንፍሎ ለሁለተኛ ጊዜ ሊገነፍል ሲል ይወርዳል።

እኔ ሞጣ ሥራ ከያዝኩ በኋላም በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ አንድ ከረጢት በእርጥብ ጨርቅና በኮባ ቅጠል ጠቅልለሽ በሚኒባስ ሾፌር ትልኪልኝ ነበር። የዕለቱን ቀቅዬ በልቼ የቀረውን እፈለፍለዋለሁ፤ የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ አፍታ ነክሬ አወጣና በቀዝቃዛ ውኃ አብርጄ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ በፌስታል ቋጥሬ ከፍሪጁ በረዶ ቤት እከተዋለሁ። በሁዳዴ ሽንኩርትና እርድ አግብቼ የእሸት አልጫ በላሁ ብዬ ስነግርሽ በሳቅ ትሞቻለሽ። እሸት ሊቆይ ነው እንዴ የተፈጠረው፤ ለሚቆየውማ ደረቁ አለ፣ አመድ አለ፣ ቅል አለ ትይኝ ነበር።

ያኔ ስልክ በየቤቱ ሳይገባ የምጽፍልሽን ደብዳቤ የሚያነቡልሽ እትየ አንጓች ነበሩ። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፤ እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምረው፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ስር እየጎተቱ አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ አሥራ አምስት ቀን ተኝቼ ነበር ብዬ የጻፍኩልሽን ዘለው «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባታል ነው የምትለው» ብለው እንዳነበቡልሽ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገርሽኝ። ክፉውን እየዘለሉ ነበር የሚያነቡልሽ። አንቺም ታውቂባቸው ነበር፤ ጣታቸው ፈጠን ሲል አንድ ነገር እንዳለፉ ይገባኛል ብለሽኛል።

ከመሞትሽ ሁለት ወር በፊት፣ በነሐሴ፣ ሆድሽን አሞሽ ሞጣ ሳመጣሽ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን እኔም ዘለልኩብሽ። ጉበትሽ ነው፣ በመድኃኒት ይሻልሻል አልኩሽ። አንቺ ግን የገባሽ ይመስለኛል። መስከረም አጋማሽ ላይ እሸቱ ሳያልፍ ቤቴ አድርሽኝ አልሽ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ተከፍቶ ነበር። አልነገርኩሽም። መንገድ ላይ ትሞችብኛለሽ ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም እናቷን ማስታመም አቅቷት ለመሞቻ ወደ አገሯ ሰደደቻት እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠብኝ ዛሬም ራሴን ስጠይቅ መልሱን አልወደውም። አራቱ ቀን አለፈና መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ።

በምትኩ ከሞጣ ገበያ እሸት ገዛሁልሽ። እንዳስተማርሽኝ መርጬ፣ እንዳስተማርሽኝ ቀቀልኩት። አንዷን ፍሬ ምላስሽ ላይ አንከባለልሽና መልሰሽ መዳፍሽ ላይ አስቀመጥሻት። የትናንት ነው፣ እጅሽ ይባረክ አልሽኝ። ፍሪጅ ውስጥ ካቻምና የላክሽው አንድ ፌስታል ቀርቶኝ ነበር፤ እሱን ላውጣልሽ ብዬ ስሄድ መብራት ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖት ስለነበር ቆምጥጦ ውኃ አዝሎ አገኘሁት። ሳታይኝ ጓሮ ቀበርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ነው። ፊትሽን ሳጥብሽ እጄን ያዝሽና «እኔ ስሞት ንፍሮውን አንጓች...» ብለሽ ጀመርሽ። አላስጨረስኩሽም። ሞት በጠላትሽ፣ ምን አባቱ ያሟርትሻል ብዬ ተቆጣሁና የታጠብሽበትን ውኃ ልደፋ ወጣሁ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው፤ ሞትን የጠራ ሰው አፉን ካልያዝነው ሞት የሚሰማ ይመስለናል። ተመልሼ ስገባ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር። ያ የጀመርሽው ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ እስከ አርባሽ ድረስ አላወቅሁም።

ጥቅምት እንደገባ ሞትሽ። የዚያን ዕለት መንገዱ ክፍት ነበር፤ ለሕያው የተዘጋው ለሬሳ ተከፈተ። በኮንትራት መኪና አድርሰን ስንቀብርሽ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ በሕይወትሽ ያላየሁት ሰው ሁሉ አለቀሰልሽ። ከመሥሪያ ቤቴም የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ ከሌላ አገር ተመድበው የሚሠሩም አሉባቸው። ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ሽምብራ ከሞጣ ይዤ መጥቻለሁ። ሁሉም በወጉ እንዲሆን ነበር ያሰብኩት፤ አንዲት ልጅ ናት ያለችው፣ ምን ታውቃለች እንዳልባል።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ እትየ አንጓች በትልቅ እንቅብ ጢም ያለ፣ እንፋሎቱ ያልወጣለት የአተር እሸት ተሸክመው መጡ። ከነቅርፊቱ የተቀቀለ፣ አረንጓዴነቱ ከሩቅ የሚታይ። ከድንኳኑ ውጭ ያሉ ልጆች እሸት መጣ ብለው እየተሳሳቁ ከበቧቸው። እማየ፣ ያ ሳቅ ነው ያሳበደኝ። እሸት የደስታ ምግብ ነው፤ የተፈለቀቀችውን አንዱ ለሌላው እየወረወረ፣ እየተቃለደ ነው የሚበላው። ለቅሶ ቤት ደረቅ እህል ነው የሚቀቀለው። አንቺ አፈር ከለበስሽ ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም። የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ዞር ብለው ሲያዩ አየሁና ተነስቼ ሄድኩ። እናቴ ሞተች እንጂ አልተዳረችም አልኳቸው። ምን ቆርጦሽ ነው እሸት ይዘሽ የምትመጪ አልኳቸው። ተወልጄ አንድ ቀን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም ነበር። እንቅቡን ከእጃቸው መንጭቄ ጭቃው ላይ ደፋሁት።

እትየ አንጓች ተንበርክከው እሸቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ በነጠላቸው ቋጠሩት። የረገጥኳትን እንኳ ከጫማዬ ስር ጎትተው አወጧት። ከዚያ እግዜር ያጥናሽ ብለውኝ ሄዱ። በሦስቱ ቀን አልመጡም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ እንዲያውም አጥፍተው አፈሩ ብዬ ነው ያሰብኩት።

በአርባሽ የነፍስ አባትሽ ጸሎቱን ጨርሰው ሲወጡ ለብቻዬ ጠሩኝና ለመሆኑ የእሸቱን ነገር የነገረሽ ሰው አለ ወይ አሉኝ። የምን እሸት አልኳቸው። ሞጣ ተኝተሽ ሳለሽ በስልክ ኑዛዜ ስትሰጫቸው ነግረሻቸው ኖሯል፤ ለእትየ አንጓችም ደውለሽ እንዳስማልሻቸው ጨምረው ነገሩኝ። አባየ የሞተው እኔ በጀርባሽ ታዝዬ ሳለሁ በመስከረም ነው፤ የከረመው እህል አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት ሰሞን። ቤትሽ ውስጥ አንድ ቁና ደረቅ እህል አልነበረም። ለቀስተኛው ባዶ አፉን ሊመለስ ሆኖ አንቺ በኀፍረት ከጓዳ አልወጣም ስትይ፣ እትየ አንጓች ገና ያልጠነከረ እሸታቸውን ከማሳው ግማሹን አጭደው፣ ቀቅለው ይዘው መጡ። ሰውም እሸት በለቅሶ ቤት ሳይል በላ። ያን ቀን ነው አንቺ እኔም ስሞት ሰው የሚበላው ከዚሁ ከእጃችን ሥራ ይሁን ያልሽው። ደርሶ የሚገዛ እህል አይሁን ብለሻል አሉ።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አልኩ፤ የነፍስ አባትሽን እንደ መቆጣትም ቃጣኝ። ይህንኑ እሳቸውም እትየ አንጓችን ጠይቀዋቸው ነበር። እናቷን በቀበረች ሰዓት የደፋሽው የእናትሽን ኑዛዜ ነው ብዬ ልንገራት እንዴ፣ ያን ተሸክማ እንዴት ታድራለች ብለው መለሱላቸው። ክፉውን ዘለሉልኝ እማየ። ለአንቺ ደብዳቤ እንደሚያደርጉት ለእኔም ዘለሉልኝ።

የዚያን ዕለት ሄጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ምን ነበረበት? ቤታቸው ከቤትሽ አንድ የድንጋይ ውርወራ ነው። ግን ሽማግሌ ይዤ፣ በወጉ ነው የምሄድ ብዬ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። እውነቱ ኀፍረት ነው፤ ወግ የምለው ሁሉ ኀፍረቴን የምሸፍንበት ነጠላ ነው። ለይቅርታ የምሸከመውን ድንጋይ ሳይቀር ከቤቴ ጓሮ መረጥኩ፤ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ለመሸከም የሚከብድ ግን የማይጥል። ኅዳር መንገድ ተዘጋ። ታኅሣሥ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው አልኩ። ድንጋዩ በር ላይ ተቀምጦ ከረመ፤ የግቢዬ በር በነፋስ ሲላጋ እሱን አስደግፍበት ጀመር። ጠዋት ስወጣ በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ማታ ስገባ እንደዚያው።

በሁዳዴ አንድ ቀን ኔትወርክ ሲመጣ ደወልኩ። ደሴ አነሳና ለእናቱ ሰጣቸው። እትየ እንዴት ከረሙ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። ጤናዬን፣ የሞጣን ዝናብ፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ጠየቁኝ። ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ነበር። ይህ በስልክ አይባልም፣ ነውር ነው አልኩና ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁ። ለፋሲካ አልሄድኩም። ሐምሌ ላይ አተሩን አስዘርተው በሳምንቱ ብርድ መታቸው፤ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ስልክ ስላልነበረ እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ ከስምንት ቀን በኋላ ከሚኒባስ ሾፌሩ ነው። አተርሽን ያመጡልኝ ከነበሩት አንዱ ነው፤ ሳያውቅ ነው እንደ ወሬ የነገረኝ።

ለሙት ዓመትሽ ስመጣ ድንጋዩን ይዤው ተሳፈርኩ። ረዳቱ ብቸና ድንጋይ ጠፋ እንዴ ብሎ አሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልበለው። ከመኪና ስወርድ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የተቀበሩት ካንቺ አሥር እርምጃ ርቀው ነው፤ አፈሩ ገና አልጠነከረም። ደንቡ የተበደለው ሰው ተነስቶ ድንጋዩን ከትከሻሽ ሲያወርድልሽ ነው ይቅር የተባልሽው። ብዙ ቆምኩ። የሚያወርድልኝ ስላልነበረ ራሴ አወረድኩት፤ ከመቃብራቸው ራስጌ ነው ያለው።

በማግስቱ ጠል ሳይረግፍ ወደ ማሳው ወረድኩ። ደሴ ከዋርካው ወደ ላይ ያለው ያንቺ እኩሌታ ነው ብሎ አሳይቶኝ ወደ ሥራው ሄደ። ብቻዬን ቀጠፍኩ። የምታብረቀርቀውን፣ እሺ የምትለውን፣ ቀጭ የምትለውን። የምትንኳኳዋን ለዘር ተውኩ። ቅንጣት ታህል ስህተት እንዳይኖርብኝ እያንዳንዷን ዓይቼ ነው፤ በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ አንድም ሥራ አልሠራሁም። ሳልከድን ቀቅዬ፣ ጨው መጨረሻ ላይ አድርጌ፣ በዚያው በእትየ አንጓች እንቅብ፣ ከደሴ ሚስት ለምኜ፣ ይዤ ወደ ድንኳኑ ገባሁ።

ማንም እጁን አልዘረጋም። ሁሉም ዓምናን ያውቃል። አሮጊቶቹ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ያዩኛል። አንዷ ድምጿን ሳትቀንስ ዓምና ለዚያች ምስኪን ያልተበላ ዘንድሮ ይበላል ወይ አለች። እውነቷን ነው። እንቅቡን ይዤ በሰው መሃል ቆሜ ቀረሁ። እትየ አንጓች ያን ቀን በሰው ፊት እንዴት እንደቆሙ ያኔ ነው የገባኝ።

ደሴ ነው ከበሩ አጠገብ የተነሳው። መጣና አንዲት እሸት አንስቶ ፈለቀቀ፣ ፍሬዋን አፉ ውስጥ ጨመረ፣ አኘከ። ፊቴን አላየም። ከዚያ ሁለተኛ አነሳ። አሮጊቶቹም አንድ በአንድ እጃቸውን ከነጠላ አወጡ። ተበላ እማየ። እንቅቡ ባዶ ሆነ፤ አንድም ሰው ግን ጣፈጠ አላለኝ።

ሰው ሲበተን ደሴ አንድ ትልቅ ቅል ይዞ መጣ፤ አፉ በእበት የታሸገ። ከዓምናው ምርት ያንቺ ድርሻ ነው፣ ለዘር ይሁናት ብላ ያስቀመጠችልሽ እናቴ ናት አለኝ። ከፈትኩት። ደረቅ አተር ነው፣ ነቀዝ እንዳያገኘው በአመድ የታሸ። ያ ቅል የታሸገው እንቅባቸውን ከደፋሁባቸው በኋላ ነው። ለእኔ ብለው ወቁት፣ ለእኔ ብለው አመድ አሹት። ይቅር ብለውኝ ይሆን ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ግን እሳቸው ለጠላታቸውም ቢሆን እኩሌታ አጉድለው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ድርሻ ነው የሰጡኝ፣ ይቅርታ አልሰጡኝም፤ አልጠየቅኳቸውማ። ይቅር ይበሉኝ ስል ሊሰሙኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ነው የጻፍኩልሽ እማየ። እዚያም ሆነሽ ፊደል አልቆጠርሽ ይሆናል፤ ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደ ልማድሽ ይዘሽ የምትሄጂው ወደ እሳቸው ነው። ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን እየጎተቱ ያንብቡልሽ። ጣታቸው ፈጠን ካለ አንድ ነገር ዘለውልኛልና ያዢያቸው፤ ይህንን አይዝለሉት።

እትየ አንጓች፣ ይህቺ መስመር የእርስዎ ናት፤ ለእማየ ከማንበብዎ በፊት ለራስዎ ያንብቧት። በቀብር ቀን በሰው ፊት ያዋረድኩዎ፣ እንቅብዎን ጭቃ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። አሁን ይቀጥሉና ለእማየ እንዲህ ብለው ያንብቡላት፦ ሰኔ ሲያበቃ ከቅሉ አውጥቼ ያንቺንም የእትየ አንጓችንም እኩሌታ ከደሴ ጋር እዘራለሁ፤ ለሙት ዓመታችሁ የሚቀቀለው ከዚያው ነው፣ የሚገዛ አይደለም፤ ሁለታችሁንም አልረሳም።